በአሮጌ መኪና ውስጥ እጅ የማይደርስበትን ሪሌ መቀየር፦ ባሕር ዳር ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከባሕር ዳር የድሮ ኮሮላ፣ ቪትዝና ሃይሉክስ ባለቤቶች ደጋግመው የሚመጡ ጥያቄዎች ናቸው፤ ከቀላሉ ጀምረን ወደ ከባዱ እንሄዳለን።

ሪሌ ምንድን ነው? ከፊውዝስ በምን ይለያል?

ሪሌ በኮረንት የሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ ነው። ውስጡ ቀጭን ሽቦ የተጠመጠመበት ጥቅል አለ። ክላክስ ስትጫኑ ትንሽ ኮረንት በጥቅሉ ያልፍና ማግኔት ያደርገዋል። ማግኔቱ አንዲት የብረት ምላስ ይስባል። ምላሷ ስትገጥም ወፍራሙ መስመር ይገናኛል። «ቀጭ» የሚለው ድምፅ የእሷ ነው።

ለጥቅሉ ሩብ አምፔር ይበቃዋል። በምላሷ በኩል የሚያልፈው ግን 20፣ 30፣ አንዳንዴም 40 አምፔር ሊሆን ይችላል። ያን ሁሉ ኮረንት በመሪው ላይ ባለችው ቁልፍ ብታሳልፉት ቁልፏ ትቃጠላለች። ስለዚህ ቁልፏ ታዛለች፣ ሪሌው ይሸከማል። ፊውዝ ግን የማንንም ትእዛዝ አይጠብቅም። መስመሩ ከአቅሙ በላይ ሲጫን ራሱን አቃጥሎ ሽቦውን ያድናል፤ ሥራው ይኸው ነው።

እጅ የማይደርስባቸው የትኞቹ ናቸው?

የራዲያተር ፋን፣ የክላክስና የትልቁ መብራት ሪሌዎች ብዙ ጊዜ ኮፈኑ ሥር፣ ባትሪው አካባቢ ባለው ጥቁር ሳጥን ውስጥ ናቸው። ክዳኑን አንስቶ መንቀል ነው። የሚያስቸግሩት ዳሽቦርድ ሥር የተደበቁት ናቸው፦ የነዳጅ ፓምፑ፣ የፍሬቻው፣ የኤሲው። አንዳንዱ ከሬዲዮው ኋላ ነው፤ አንዳንዱ ተሳፋሪው ፊት ካለው መሳቢያ ጀርባ፤ አንዳንዱ ከሾፌሩ ግራ እግር በላይ በገመድ ተከቦ ይቀመጣል። ፋብሪካ ውስጥ መጀመሪያ የሚታሰረው እሱ ነው፤ ዳሽቦርዱ ከላይ የሚመጣው በኋላ ነው። ከሃያና ሠላሳ ዓመት በኋላ እጁን ስለሚከት ሰው ያሰበ የለም።

ካርቡሬተር ያላቸው የድሮ ዲኤክስ ኮሮላዎች ባለቤቶች ግን በነዳጅ ፓምፕ ሪሌ አትጨነቁ። ፓምፓቸው በሞተሩ የሚነዳ ሜካኒካል ነው፤ ሪሌ የለውም። «የፓምፕ ሪሌው ይቀየር» ያላችሁ ሰው ካለ ኮፈኑን ገና አልከፈተም።

ሪሌ ሲበላሽ ምልክቱ ምንድን ነው?

እንደ ሥራው ይለያያል። የነዳጅ ፓምፑ ከሆነ ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው) ደህና ይዞራል፣ መኪናዋ ግን አትነሳም። ወይም እየሄደች ድንገት ትጠፋለች፣ ትንሽ ቆይታ ምንም እንዳልሆነች ትነሳለች። የፋኑ ከሆነ ዓባይ ድልድይ አካባቢ መኪና ሲጨናነቅ የሙቀት መለኪያው ይወጣል፤ ወደ ጎንደር መንገድ ወጥታ ንፋስ ሲያገኛት ይወርዳል። የካንዴሌታው (የናፍጣ ሞተር ከመነሳቱ በፊት የሚያሞቀው) ሪሌ ደግሞ ባሕር ዳር ላይ ተደብቆ ይከርማል። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ ሞቅ ያለች ናት። የናፍጣ ሃይሉክሳችሁ ያለ ካንዴሌታም ልትነሳ ትችላለች። ደብረ ታቦር አድራችሁ ጠዋት ቁልፉን ስታዞሩ ነው ጉዱ የሚወጣው።

የሚዘነጋ ሌላ ምልክት አለ። ሪሌ ተጣብቆም ይቀራል። መገናኛው በሙቀት ይበየድና ቁልፉን ብታወጡም መስመሩ አይቋረጥም። ማታ ደህና የነበረ ባትሪ ጠዋት ባዶ ይሆናል። ብዙ ሰው ባትሪ ገዝቶ፣ ከዚያም ዲናሞ አሠርቶ ነው ወደ ሪሌው የሚመጣው። ማታ መኪናዋን ካጠፋችሁ በኋላ ሪሌዎቹን አንድ በአንድ በጣታችሁ ንኩ። ሁሉ ቀዝቅዞ አንዱ ብቻ ለብ ካለ እሱን ጠርጥሩ።

ፍሬቻዬ ከመጠን በላይ ይፈጥናል። ሪሌው ነው?

አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ አምፖል ነው። የፍሬቻ ሪሌ ከአራቱ ማዕዘን አንዱ አምፖል ሲቃጠል ጭነቱ ስለሚቀንስ ይፈጥናል። በአምፖሉ ፋንታ ኤልኢዲ ካስገባችሁም እንዲሁ ይሆናል፤ ኤልኢዲ የሚወስደው ኮረንት ትንሽ ስለሆነ ሪሌው አምፖል የተቃጠለ ይመስለዋል። ሁለቱም ወገን ጨርሶ የማይበራ ከሆነ፣ ፊውዙም ደህና ከሆነ፣ ያኔ ስለ ሪሌው እናውራ።

መካኒኩ «ሪሌው ሞቷል» አለኝ። ዳሽቦርዱ ከመፈታቱ በፊት እንዴት ላረጋግጥ?

ሪሌው ራሱ ርካሽ ነው። ውድ የሚሆነው እሱ ጋ ለመድረስ የሚፈታው ዕቃና በመንገድ ላይ የሚሰበረው ክሊፕ ነው። ስለዚህ ማረጋገጫ ሳይኖር አንድም ብሎን እንዳይፈታ። መጀመሪያ ፊውዙን በቴስተር (በኮረንት መለኪያ) እዩ፤ በዓይን ደህና የሚመስል ፊውዝ ውስጡ የተሰነጠቀ ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ ጆሯችሁን ከዳሽቦርዱ ሥር አድርጋችሁ ሌላ ሰው ቁልፉን ያዙር። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትባት ነገር አለች። በብዙ የድሮ ቶዮታ የነዳጅ ፓምፑ ሪሌ የሚሠራው ቁልፉ ኦን ላይ ሲሆን አይደለም፤ ሞተሪኖው ሲዞር ነው። ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ይዞ ይቆያል፣ ሞተሩ ከጠፋ ይለቃል። ስለዚህ ኦን አድርጋችሁ ድምፅ አልሰማም ብላችሁ አትፍረዱበት።

በፈረንጆቹ 1990ዎቹ የተሠሩ ኢንጀክሽን ኮሮላዎች ላይ ከዚህም የተሻለ ዘዴ አለ። ኮፈኑ ሥር ክዳኗ ላይ «ዳያግኖሲስ» የሚል ጽሑፍ ያለባት ትንሽ ሳጥን አለች። ክዳኗ ውስጥ የየቀዳዳው ስም ተጽፏል። ቁልፉን ኦን አድርጋችሁ «ፕላስ ቢ» (+B) የሚለውንና «ኤፍ ፒ» (FP) የሚለውን በአጭር ሽቦ ብታገናኙ ፓምፑ ሪሌውን ዘሎ በቀጥታ ይሠራል። ፓምፑ ሠርቶ መኪናዋ ከተነሳች፣ ያለዚያች ሽቦ ግን አልነሳም ካለች፣ ጥፋቱ ወይ ሪሌው ነው ወይ ለሪሌው የሚመጣው ትእዛዝ። ፓምፑ በዚህም ካልሠራ ዳሽቦርዱን አትንኩት፤ ችግሩ ከኋላ ወንበር ሥር ወደ ሰልባታዮው (የነዳጅ ታንኩ) ነው። ቀዳዳዎቹን ደግሞ በግምት አታገናኙ። የተሳሳተው ቀዳዳ ከሪሌ የበለጠ ዕዳ ያመጣል።

ክላክስና ፋንን ለመሳሰሉት ግን ቀላሉ መንገድ መለዋወጥ ነው። ሳጥኑ ውስጥ ቁጥሩ አንድ ዓይነት የሆነ ሌላ ሪሌ ካለ ቦታ አቀያይሯቸው። ችግሩ ከሪሌው ጋር ከተዛወረ ነገሩ አለቀ።

«ቀጭ» ካለ ደህና ነው ማለት አይደለም?

አይደለም። «ቀጭ» የሚለው ጥቅሉ መሥራቱን ብቻ ነው የሚነግራችሁ። ምላሷ ገጥማም መገናኛዋ ጠቁሮና ተቦርቡሮ ኮረንት ላታሳልፍ ትችላለች። ፋኑ ወይም መብራቱ እየሠራ የቴስተሩን ሁለት ጫፎች በወፍራሙ መስመር ሁለት እግሮች (ሶኬቱ ውስጥ በሚገቡት የሪሌው ብረቶች) ላይ አድርጉ። 0.2 ቮልት ወይም ከዚያ በታች ካሳየ መልካም። 1 ቮልት ካሳየ መገናኛው አልቋል። 20 አምፔር በሚያልፍበት መስመር ላይ 1 ቮልት ጠፋ ማለት በዚያች ትንሽ ሳጥን ውስጥ 20 ዋት ሙቀት ተፈጠረ ማለት ነው። ፕላስቲኩ የሚቀልጠው በዚህ ነው።

ሪሌው ከወጣ በኋላ ደግሞ የጥቅሉን ሁለት እግሮች በኦም ለኩ። የ12 ቮልት ሪሌ ብዙ ጊዜ ከ50 እስከ 120 ኦም ያሳያል። ምንም ካላሳየ ጥቅሉ ተበጥሷል።

መኪናዬ በቀትር ፀሐይ ቆማ አልነሳም ትላለች፤ ማታ ስትቀዘቅዝ ትነሳለች። ለምን?

ይህ የተሰነጠቀ ብየዳ ዓይነተኛ ጠባይ ነው። አንዳንዱ ሪሌ ውስጥ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ አለ። እግሮቹ ከሰሌዳው ጋር የተያያዙት በብየዳ ነው። ዓመታት ሲያልፉ በሙቀትና በንዝረት ብየዳው ዙሪያውን እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ያወጣል። መኪናዋ ውስጡ ሲግል ስንጥቁ ይከፈታል፣ ሲቀዘቅዝ ይገጥማል። የ1980ዎቹና 1990ዎቹ ሆንዳዎች ዋና ሪሌ በዚህ በዓለም ዙሪያ የታወቀ ነው። ባሕር ዳር ላይ ሆንዳ ብዙ ባይታይም ጠባዩ ግን የሆንዳ ብቻ አይደለም።

ጥሩ ዜናው እንዲህ ያለው ሪሌ መዳን መቻሉ ነው። ክዳኑን በቀጭን ካቻቢቴ ከፍታችሁ ሬዲዮና ስልክ ለሚጠግን ሰው ስጡት። እግሮቹን አንድ በአንድ እንደገና ይበይዳቸዋል። ጎበዝ እጅ ካገኘ አዲስ ከሚባለው ቅጂ የተሻለ ዕድሜ ይሰጣል። ሲግል መጥፋት ግን ከኢግኒሽን ኮይልም (ለካንዴላ ኮረንት ከሚሰጠው) ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ በጠፋችበት ቅጽበት ፓምፑ መሥራቱን ሳታዩ ወደ ሪሌው አትሩጡ።

ለሥራው ምን ምን ልያዝ?

ባለ መስቀልና ጠፍጣፋ ካቻቢቴ፣ ቁጥር 10 ቁልፍ፣ ረጅም አፍንጫ ፒንሳ፣ ቴስተር፣ ግንባር ላይ የሚታሰር መብራትና ስልካችሁ። ስልኩ ለፎቶ ነው፤ እያንዳንዱ ሶኬት ከመነቀሉ በፊት አንድ ፎቶ። ብሎኖቹን የምታስቀምጡበት ሰሃንም አይረሳ። እውነቱን ለመናገር ከዕቃው ሁሉ የሚበልጠው ቀጭን እጅ ያለው ልጅ ነው። ጋራዥ ውስጥ የረዳቱ ሥራ ለምን እንደሆነ አሁን ይገባችኋል።

ባትሪ መንቀል የግድ ነው? ኤርባግስ?

የግድ ነው። ኔጌቲቩን መጀመሪያ ንቀሉ፣ ስትመልሱ መጨረሻ አድርጉት። ዳሽቦርድ ሥር የምትሰዱት ካቻቢቴ ሁልጊዜ ኮረንት ያለበትን ገመድ ቢነካ ኮንታክት ይፈጥራል፤ እሳት ከዚህ ይጀምራል። ሬዲዮው ኮድ የሚጠይቅ ከሆነ ኮዱን አስቀድማችሁ እወቁ።

ኤርባግ ያላት መኪና ከሆነች ባትሪውን ነቅላችሁ ወዲያው አትጀምሩ። ቶዮታ ቢያንስ 90 ሴኮንድ ጠብቁ ይላል። እኔ ቡና አፍልታችሁ ጠጡ እላለሁ። ቢጫ ሶኬትና ቢጫ የገመድ ልባስ ካያችሁ የኤርባግ ነው። በቴስተር አትለኩት፣ አትንቀሉት፣ በጎኑ እለፉ።

ዳሽቦርዱን ሳልሰብር እንዴት ልድረስበት?

ሙሉ ዳሽቦርድ የሚወርድበት ጊዜ በጣም ጥቂት ነው። ሙሉውን ማውረድ አለብን የሚላችሁ ሰው ወይ ቦታውን አያውቀውም ወይ ሒሳብ እያበዛ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚበቃው የመሳቢያውን ሁለት ሦስት ብሎን ፈትቶ ማውጣት ወይም ከመሪው ሥር ያለውን ሽፋን ማንሳት ነው። ከሬዲዮው ኋላ ላለው ሬዲዮው ብቻ ይወጣል። የፊት ወንበሩን ወደ ኋላ ግፉትና በጀርባችሁ ተኝታችሁ ወደ ላይ እዩ። በዚያ አቅጣጫ የማይታይ ነገር ትንሽ ነው።

የሚሰበረው ክሊፕ ነው። የሠላሳ ዓመት ፕላስቲክ ደርቋል። በጠዋት ብርድ ከመጎተት መኪናዋን ትንሽ ፀሐይ ላይ አቁሟት፤ ፕላስቲኩ ይለሰልሳል። ባሕር ዳር ላይ ፀሐይ አይቸግርም። አንድ ሽፋን አልላቀቅ ካለ ኃይል ከመጨመራችሁ በፊት የተደበቀ ብሎን ፈልጉ። ብዙ ጊዜ በትንሽ ክዳን ተሸፍኖ፣ ወይም መሳቢያው ሲከፈት ብቻ የሚታይ አንድ አለ። የካቻቢቴውን ጫፍ በጨርቅ ጠቅልሉት፣ ሽፋኑን አይጭረውም።

እጃችሁን ከማስገባታችሁ በፊት ሰዓትና ቀለበት አውልቁ። ረጅም እጅጌ ልበሱ። ከዳሽቦርዱ ኋላ ያለው የቆርቆሮ ጠርዝ ቆዳ ይልጣል።

ደረስኩበት፤ ግን አልወጣ አለ።

ገመዱን አትጎትቱ። ገመዱ ከሶኬቱ ተነቅሎ ከወጣ ሌላ ሥራ ተወለደ ማለት ነው። አንዳንዱ ሪሌ ከነመቀመጫው በአንድ ብሎን ከብረት ጋር ታስሯል፤ ቁጥር 10 ቁልፉ ለዚህ ነው። መጀመሪያ እሱን ፍቱ፣ ሪሌው ከነገመዱ ወደ ብርሃን ይወርዳል። ከዚያ በጎኑ ያለችውን መቆለፊያ በጠፍጣፋ ካቻቢቴ ተጫኑና ሪሌውን ግራና ቀኝ በትንሹ እያነቃነቃችሁ ሳቡት። ፒንሳ መጠቀም ግድ ከሆነ በጨርቅ ያዙት፤ የደረቀ ክዳን በፒንሳ ይፈነዳል።

ከወጣ በኋላ መቀመጫውን በመብራት እዩ። አረንጓዴ ዝገት አለ? ፕላስቲኩ ቡናማ ሆኗል? አዲሱን ከማስገባታችሁ በፊት ይህ ካልታየ አዲሱም ሊቃጠል ይችላል፤ መጨረሻው ጥያቄ ላይ እናየዋለን።

አዲስ ልግዛ ወይስ ያገለገለ?

የእኔ ምርጫ ከፈረሰ መኪና የወጣ ኦሪጅናል ነው፤ በተለይ ለነዳጅ ፓምፕና ለፋን። በእጅ ስትይዙት እንደ ላባ የሚቀል አዲስ ቅጂ ከመግዛት፣ ዴንሶ (የቶዮታ ዕቃ አምራች) የሚል ጽሑፍ ያለበት አሮጌ ይሻላል። ግን ሳትለኩት አትግዙ። ሱቁ ውስጥ ከ12 ቮልት ባትሪ ጋር አገናኝታችሁ «ቀጭ» ማለቱንና መስመሩን ማስተላለፉን በቴስተር እዩ። ሻጩ ለመለካት ካልፈቀደ ሌላ ሱቅ አለ።

ወደ ሱቅ የምትሄዱት አሮጌውን ይዛችሁ ነው፤ በቃል ነግሮ መግዛት አይሠራም። በላዩ ላይ የተጻፈው ቁጥር እንዲመሳሰል ፈልጉ። በቶዮታ ብዙዎቹ በ90987 ይጀምራሉ። ባሕር ዳር ላይ ካጣችሁት ፎቶውን አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ (የመኪና መለዋወጫ ገበያው) ለሚያውቃችሁ ሰው ላኩ፣ በሕዝብ ማመላለሻ ይመጣል። ቮልቱንም እዩ። ኤንፒአር የጭነት መኪናና አንዳንድ ላንድክሩዘር 24 ቮልት ናቸው። የ24ቱ ሪሌ በ12 ቮልት መኪና ላይ በደንብ አይስብም፤ የ12ቱ ደግሞ በ24 ላይ ይቃጠላል።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ አሮጌ መኪና የመጠገኑ ነገር የሁላችን ጉዳይ ሆኗል። የፈረሰ መኪና ያለው ወዳጅ ካላችሁ ሪሌዎቹን ሳይጥላቸው ለምኑት።

እግሩ አራት ከሆነ በማንኛውም ባለ አራት እግር መተካት አይቻልም?

ከሁሉ የከፋው ስህተት የሚመጣው እዚህ ነው። በአውሮፓው አሠራር 85 እና 86 የጥቅሉ ናቸው፣ 30 ከባትሪ የሚመጣው፣ 87 ወደ ዕቃው የሚሄደው፣ 87ኤ ደግሞ ሪሌው ሳይታዘዝ የሚገናኘው ነው። በቶዮታ ብዙ ጊዜ 1 እና 2 የጥቅሉ፣ 3 እና 5 የወፍራሙ መስመር፣ 4 ደግሞ ሳይታዘዝ የሚገናኘው ነው። እግሩ ስለገባ ብቻ ሥራው አንድ ነው ማለት አይደለም። በክዳኑ ላይ ያለውን ሥዕል ከአሮጌው ጋር አስተያዩ። ሥዕሉ ላይ የቀስት ቅርጽ ያለው ምልክት ካለ ውስጡ ዳዮድ (ኮረንት በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዕቃ) አለ፤ ፖዘቲቭና ኔጌቲቩ ከተገለበጠ ፊውዝ ያቃጥላል፣ ሲብስ ኮምፒውተሩን ይጎዳል።

የራዲያተር ፋን ግን ልዩ ነው። በብዙ የ1980ዎቹና 1990ዎቹ ቶዮታዎች የፋኑ ሪሌ ተገልብጦ የተሠራ ነው። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የሙቀት ስዊቹ ይገናኛል፣ ሪሌው ይስባል፣ ፋኑ ይቆማል። ሞተሩ ወደ 93 ዲግሪ ሲደርስ ስዊቹ ይከፈታል፣ ሪሌው ይለቃል፣ ፋኑ ይነሳል። ሐሳቡ ብልህ ነው፤ የስዊቹ ገመድ ቢበጠስ እንኳ ፋኑ ይሠራል እንጂ ሞተሩ አይቃጠልም። እዚህ ላይ ተራውን ባለ አራት እግር በሽቦ ቀጥለው ሲያስገቡበት ፋኑ ጠዋት በብርድ ይዞራል፣ ሲግል ይቆማል። ከዚያ «ቴርሞስታት ነው፣ ውኃ ፓምፕ ነው» እየተባለ ገንዘብ ይወጣል።

የእናንተ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ ኤሲው ጠፍቶ፣ ቁልፉ ኦን ሆኖ የሙቀት ስዊቹን ሶኬት ንቀሉ። ፋኑ ከተነሳ የተገለበጠው ነው። ኦሪጅናሉ ከጠፋ ባለ አምስት እግር ሪሌ ገዝታችሁ በ87 ፋንታ 87ኤ ላይ አገናኙ።

መሪዋ ከቀኝ ወደ ግራ የተቀየረ ቪትዝ ነው ያለኝ። ሪሌው መጽሐፉ የሚለው ቦታ የለም።

አይኖርም። መሪው ሲቀየር ዳሽቦርዱም ተቀይሯል፤ የገመዱ እስር ግን ብዙ ጊዜ ያው የጃፓኑ ነው። አንዳንዱ ተዛውሯል፣ አንዳንዱ ባለበት ቀርቶ ገመዱ ተቀጥሏል። ስለዚህ ኢንተርኔት ላይ የምታዩትን ሥዕል በሁለቱም በኩል ፈልጉት፤ «ከሾፌሩ እግር በላይ» የሚለው አሁን ተሳፋሪው ጋ ሊሆን ይችላል። ከሥዕል ይልቅ ድምፅ ይሻላል። አንድ ሰው ዕቃውን ያብራ ያጥፋ፣ እናንተ በሁለቱም በኩል በእጃችሁ ንዝረቱን ፈልጉ።

እንዲህ ባሉ መኪናዎች ላይ ከሪሌው በፊት የምጠረጥረው ቅጥሉን ነው። በእጅ ተጠምዝዞ በፕላስተር ብቻ የተሸፈነ ቅጥል ከጊዜ በኋላ ይላላል፣ ይግላል። ፕላስተሩ የተኮማተረና የደረቀ ካገኛችሁ ገልጣችሁ እዩት። ሪሌ ሞተ የተባለባቸው ብዙ ቪትዞች የዳኑት በአንድ ቅጥል ነው።

ለሚቀጥለው ጊዜ እንዳልቸገር ሪሌውን እጅ ወደሚደርስበት ቦታ ላውጣው?

ይቻላል፤ የኦሪጅናሉ መቀመጫ ከተበላሸ እንዲያውም ይመከራል። ግን ገመዱ ከነባሩ እኩል ወይም የወፈረ ይሁን። ለነዳጅ ፓምፕ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ይበቃል። ቤት የሚዘረጋውን ደረቅ ሽቦ አትጠቀሙ፤ በንዝረት ይሰበራል። ባለ ብዙ ክር የመኪና ገመድ ይሁን፣ ቅጥሉም ይበየድ ወይም በመቆንጠጫ ይጠበቅ። አዲሱ ቦታ ከውኃና ከእግር የራቀ ይሁን። ከምንጣፍ ሥር የተቀመጠ ሪሌ አይቻለሁ፤ ክረምት አያልፍም።

መንገድ ላይ ብትቆምብኝ ዳይሬክት አድርጌ ልንዳ?

ፋን ከሆነ አዎ፤ ጋራዥ እስክትደርሱ ብቻ። ሪሌውን ነቅላችሁ የወፍራሙን መስመር ሁለት ቀዳዳዎች ፊውዝ ባለው አጭር ገመድ ማገናኘት ትችላላችሁ። ወረታ ላይ ሞተር ከማቃጠል ይሻላል። ስትቆሙ ንቀሉት፣ ካልሆነ ባትሪውን ይጨርሰዋል።

የነዳጅ ፓምፕ ግን በዚያው እንዲቀር አልመክርም። የመኪናዋ ሪሌ ሞተሩ ሲጠፋ ፓምፑን የሚያቆመው በምክንያት ነው። ግጭት ደርሶ የነዳጅ ቱቦ ቢበጠስ ዳይሬክት የሆነ ፓምፕ ቤንዚኑን ማፍሰሱን ይቀጥላል። «ዳይሬክት አድርገንልሃል፣ አሁን ችግር የለም» ከተባላችሁ ችግሩ ገና ነው። የተቃጠለ ፊውዝ በሲጋራ ፓኬት ብርማ ወረቀት ጠቅልሎ መመለስም ከዚሁ ይመደባል።

አዲስ ሪሌ አስገባሁ፤ ብዙም ሳይቆይ ተቃጠለ። አሁንስ?

ሁለተኛ ከመግዛታችሁ በፊት ሁለት ነገር ፈልጉ። አንደኛው መቀመጫው ነው። የላላ የሶኬት ጥርስ እግሩን አጥብቆ ስለማይዝ ይግላል፣ ሙቀቱም ወደ ሪሌው ይገባል። ጥርሱን በቀጭን መርፌ ጠበብ አድርጉት፤ ካልያዘ ቀይሩት። ሁለተኛው ዕቃው ራሱ ነው። ያረጀ የፋን ሞተር ወይም ቆሻሻ የበዛበት የነዳጅ ማጣሪያ ያለው ፓምፕ ከተለመደው በላይ ኮረንት ይስባል። በሪሌው ፋንታ ቴስተሩን በአምፔር አስገብታችሁ ለኩ። የተለመደው ቴስተር 10 አምፔር ድረስ ብቻ ስለሚችል ለፓምፕ ይሆናል፤ ለፋን ግን በገመዱ ዙሪያ የሚቆነጠጠውን መለኪያ ፈልጉ።

ጣና ዳር ሦስተኛ አለ፤ ውኃ። ሞተሩን በግፊት ውኃ ካሳጠባችሁ በኋላ የመጣ ችግር ከሆነ የሪሌ ሳጥኑን ክፈቱና አድርቁት። ዳሽቦርድ ሥር ላለው ደግሞ ከፓራብሬዛው በታች ያለውን የውኃ መውረጃ እዩ። የከተማችን የመንገድ ዛፎች ጥላቸው መልካም ነው፤ ቅጠላቸውና አበባቸው ግን ያንን መውረጃ ይደፍናል። ሐምሌ ላይ ውኃው መውጫ ሲያጣ ወደ ውስጥ ይገባና በገመዱ ላይ እየተንጠባጠበ ሶኬቱ ላይ ያርፋል። ምንጣፉን አንስታችሁ ከሥሩ ያለውን ስፖንጅ ጨመቅ አድርጉ። ውኃ ከወጣ መውረጃውን ጥረጉ፣ ሶኬቱን በኮንታክት ማጽጃ ስፕሬይ አጽዱ፣ በደንብ ሲደርቅ አዲሱን ሪሌ አስገቡ። በቤንዚን አታጽዱት። ሪሌውን ደግሞ እግሮቹ ወደ ታች ሆነው እሰሩት፤ ውኃ ቢመጣ እንኳ ውስጡ አይቋጠርም።